ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት፦ ለሁለት ሰዓት ጉብኝት መሰናዶ

ከሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ከአሌክሳንድሪያ እንግዳ ይዞ ዲሲ ዳውንታውን የሚወርድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው አንድ ነገር ላይ ነው፤ ሙዚየሙን ሊጨርሰው ይነሣል። ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት ከ150,000 በላይ የጥበብ ሥራዎች አሉት። የሚሰቀለው ከዚያ ውስጥ ትንሹ ቢሆንም እሱም ቢሆን በአንድ ቀን አያልቅም። አንድ ሰዓት ተኩል ሲሞላ ወገብ ይታመማል፣ ዓይን ይፈዛል፣ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ መሄድ እንጂ ማየት አይደለም።

መግቢያው ነፃ ነው፤ ለመደበኛው ጉብኝት ትኬትም ቀጠሮም አያስፈልግም። ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን 30 ዶላር ከፍሎ የገባ እንግዳ «የከፈልኩትን ላውጣበት» ብሎ እስኪደክመው ቢዞር አይፈረድበትም። እዚህ ግን የቀረውን በሌላ ቅዳሜ ተመልሶ ማየት ይቻላል። ስለዚህ ከታች ያለው ዕቅድ የተሠራው ለሁለት ሰዓትና ለስምንት ሥራዎች ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ለእያንዳንዱ ሥራ ስምንት ደቂቃ ቢሰጥ አንድ ሰዓት ከአራት ደቂቃ፣ ለመንገዱ ግማሽ ሰዓት፣ የቀረው ለመቀመጫ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቀኑና ሰዓቱ

ጋለሪው በየቀኑ ከጠዋቱ 10:00 እስከ ማታ 5:00 ክፍት ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ በራሱ ሰዓት እንዳያስበው አስረዱት፤ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት አራት ሰዓት ተከፍቶ አሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል ማለት ነው። በዓመት የሚዘጋው በዲሴምበር 25 እና በጃንዋሪ 1 ነው። የእኛ ገና የሚውልበት ጃንዋሪ 7 መደበኛ የሥራ ቀን ነው፤ ከቤተ ክርስቲያንና ከዶሮው በኋላ የት እንሂድ ለሚል ቤተሰብ ጥሩ ነው፣ ጋለሪውም በዚያ ወቅት ጭር ይላል።

አንድ ነገር ግን ሳይታሰብ በሩን ያዘጋል። ጋለሪው በፌዴራል በጀት ስለሚተዳደር፣ በጀት ሳይጸድቅ ቀርቶ መንግሥት ሥራ ሲያቆም እሱም ይዘጋል። በጃንዋሪ 2019 እና በ2025 መኸር ላይ ይኸው ሆኗል። ዜናው ስለ በጀት ጭቅጭቅ ካወራ ከቤት ሳትወጡ ድረ ገጹን እዩ።

በማርች መጨረሻና በኤፕሪል መጀመሪያ የቼሪ አበባ ሊያይ የመጣ ሕዝብ ከተማውን ይሞላዋል። በጸደይ የሥራ ቀናት ጠዋት ጠዋት ደግሞ የተማሪ አውቶብሶች ይደረደራሉ። ጸጥታ የሚፈልግ በሥራ ቀን ከምሳ በኋላ ይሂድ። ቅዳሜ ብቻ የሚመቸው ሰው በሩ እንደተከፈተ 10:00 ላይ ይግባ፤ የመጀመሪያዋ ሰዓት ቀሪውን ቀን ታስንቃለች።

ከመሄዳችሁ በፊት ያለው ምሽት

ዋናው ዝግጅት ይህ ነው፤ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። በጋለሪው ድረ ገጽ ላይ እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ገጽ አለው። ገጹ ሥራው በዚያ ሰሞን ተሰቅሎ እንደሆነና እንዳልሆነ፣ ከተሰቀለም በየትኛው ሕንፃ፣ በየትኛው ፎቅ፣ በስንተኛው ክፍል እንዳለ ይናገራል። ሥዕሎች ለሌላ ሙዚየም ይዋሳሉ፣ ለጥገና ይወርዳሉ፣ ክፍሎችም ለእድሳት ይዘጋሉ። «አለ ተብዬ መጥቼ አጣሁት» የሚለው ቅሬታ ምንጩ በአብዛኛው ያለፈ ዓመት ቪዲዮ አይቶ መሄድ ነው።

በወረቀት ላይ የተሠሩ ሥራዎች፣ ማለትም ንድፎች፣ ሕትመቶችና ፎቶግራፎች፣ ይበልጥ ያስቸግራሉ። ብርሃን ወረቀትን ያበልዛል፣ ቀለምንም ያጠፋል፤ ስለዚህ በደብዛዛ ብርሃን ለጥቂት ወራት ታይተው ለረጅም ጊዜ ወደ ጨለማ ይመለሳሉ። ክፍሉ ደብዘዝ ያለባችሁ እንደሆነ መብራት የጠፋ እንዳይመስላችሁ።

የስምንቱን ሥራዎች ክፍል ቁጥር በቅደም ተከተል ጻፉና የስልካችሁ ፎቶ ውስጥ አስቀምጡ። ልጆች ካሉ አንዱን ሥራ እነሱ ይምረጡ፤ የመረጠ ልጅ ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል።

መንገዱ

ጋለሪው ሁለት ሕንፃ ነው። ጉልላት ያለው ምዕራቡ ሕንፃ በጆን ራስል ፖፕ ተነድፎ በ1941 ተከፈተ፤ ባለ ሦስት ማዕዘኑ ምሥራቁ ሕንፃ በአይ ኤም ፔ ተነድፎ በ1978 ተከፈተ። መካከላቸው ያለው አራተኛው ጎዳና ነው፤ በመሬት ሥር ግን የውስጥ መተላለፊያ አላቸው።

በሜትሮ ለሚመጣ ቅርቡ ጣቢያ አርካይቭስ ነው። ከአሌክሳንድሪያ ኪንግ ስትሪት ዬሎ ላይን ያለ ቅያሪ ያደርሳል። ከሲልቨር ስፕሪንግ በሬድ ላይን መጥቶ ጁዲሽየሪ ስኩዌር መውረድና ወደ ደቡብ አሥር ደቂቃ ያህል መራመድ ይቻላል፤ መራመድ የሚከብደው ሰው ካለ ጋለሪ ፕሌስ ላይ ወደ ግሪን ወይም ዬሎ ላይን ቀይሮ አንድ ጣቢያ መጨመር ይሻላል።

ጋለሪ ፕሌስ የሚለው ስም ራሱ ስንቱን አሳስቷል። እዚያ ወርዶ ወደ ላይ የወጣ ሰው ፊት ለፊቱ የሚያገኘው ናሽናል ፖርትሬት ጋለሪን ነው። ሌላ ሙዚየም ነው፣ የሚከፈተውም 11:30 ላይ ነው። ጠዋት 10:00 ላይ በተዘጋ በር ፊት የቆመ ቤተሰብ ካያችሁ ምናልባት የተሳሳተው ጣቢያው ላይ ነው። እንግዳን በኡበር የምትልኩም ብትሆኑ «ናሽናል ጋለሪ» ብቻ አትበሉ፤ ስድስተኛው ጎዳናና ኮንስቲትዩሽን አቬኑ የሚገናኙበትን ማዕዘን አስገቡ።

ጋለሪው ለጎብኚ የሚሆን የመኪና ማቆሚያ የለውም። በአካባቢው የሚከፈልባቸው የመንገድ ማቆሚያዎች አሉ፣ ግን የሰዓት ገደብ አላቸው፤ ከሰዓት በኋላ በሥራ መውጫ ሰዓት ማቆም የሚከለከልባቸው መንገዶችም አሉ፣ እዚያ የተገኘ መኪና ይጎተታል። ምልክቱን ከላይ እስከ ታች ካላነበባችሁ አትውረዱ።

በየትኛው በር

ከናሽናል ሞል፣ ማለትም ከጋለሪው በስተደቡብ ካለው ሰፊ የሣር ሜዳ፣ በኩል ያለው በር ያምራል፤ ለፎቶ የሚሆነው እሱ ነው። ግን ረጅም ደረጃ አለው። እናት ወይም አባት ይዛችሁ ከሆነ፣ የሕፃን ጋሪ የምትገፉ ከሆነ፣ በስድስተኛው ጎዳናና በኮንስቲትዩሽን በኩል ግቡ፤ ከመንገዱ እኩል ነው፣ ሊፍትም አለ። ዊልቸርና የሕፃን ጋሪ በነፃ ያውሳሉ፣ ለቀደመ ነው። ምዕራቡ ሕንፃ ከዳር እስከ ዳር 240 ሜትር ገደማ ስለሆነ «እኔ እሄዳለሁ፣ ምን ሆኜ» የሚሉ አዛውንትንም ቢሆን ለመመለሻ ሲባል ዊልቸሩን አስቀድማችሁ ውሰዱላቸው። ባይቀመጡበት ካፖርት ይሸከማል።

በሩ ላይ ቦርሳ ይፈተሻል። ትልቅ ሻንጣ አይገባም፤ ከአየር ማረፊያ በቀጥታ አትምጡ። ጃንጥላና ካፖርት ዕቃ ማስቀመጫው ይቀበላል። ጀርባ ላይ የሚታዘል ቦርሳ ወይ ይቀመጣል፣ ወይ በእጅ ይያዛል፣ ወይ ከፊት ይታቀፋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰው ዞር ሲል ጀርባው ያለውን ቦርሳ አያስበውም፣ ቦርሳው ግን ከኋላ ያለውን ክፈፍ ይገጫል።

ምግብና መጠጥ ሥዕል ባለበት ክፍል ክልክል ነው። ውስጥ ካፌዎች አሉ፣ ዋጋቸው ግን የሙዚየም ዋጋ ነው። ረቡዕና ዓርብ ወይም በዐቢይ ጾም የምትሄዱ ከሆነ ቤት በልታችሁ ውጡ፤ ካልሆነም ከመግባታችሁ በፊት ሞሉ ሜዳ ላይ የያዛችሁትን ብሉ።

ስምንቱ ሥራዎች

ወደ ዋናው ፎቅ ውጡ። መካከል ላይ ጥቁር አረንጓዴ የእብነ በረድ ዓምዶች የከበቡት፣ ፏፏቴ ያለበት ክብ አዳራሽ አለ። እንደ ኮምፓስ ተጠቀሙበት፤ ከእሱ ወደ ምዕራብ የጣሊያን፣ የጀርመንና የኔዘርላንድ አሮጌ ሥዕሎች፣ ወደ ምሥራቅ የፈረንሳይ፣ የእንግሊዝና የአሜሪካ። መጀመሪያ ወደ ምዕራብ።

ክፍል 1 ውስጥ በ13ኛው መቶ ዘመን በቢዛንታይን አሳሳል የተሠሩ፣ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ በዙፋን የተቀመጠችባቸው የወርቅ ሥዕሎች አሉ። የእኛ ሰው እዚህ መጀመር የሚገባው ለዚህ ነው፤ ማብራሪያ ሳያነብ የሚያውቀው ዓለም ነው። እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ፦ እናቶች ሊሳለሙ ይጠጋሉ። ከመግባታችሁ በፊት በጨዋ ቋንቋ «እማዬ፣ እዚህ ከሩቅ ነው የሚሳለሙት» በሏቸው። ጥበቃው ጮክ ብሎ ሲከለክል ማፈርም መቀየምም ይመጣል። ከማናቸውም ሥዕል አንድ ክንድ ያህል ራቁ፤ የጣት ላብና ቅባት ቀለሙን ይበላዋል፣ በጣት ወይም በእስክሪብቶ ተጠግቶ መጠቆምም አደጋ ነው።

ቀጥሎ የዱቾ የልደት ሥዕል። ከ1308 እስከ 1311 ለሲዬና ካቴድራል ከተሠራ ግዙፍ የመሠዊያ ሥዕል የተለየ ክፋይ ነው። ዋሻው፣ የተጋደመችው እመቤታችን፣ ዳር የተቀመጠው ዮሴፍ፣ እረኞቹ፣ የሕፃኑ መታጠብ፦ ልጆቻችሁን «የእኛ ቤተ ክርስቲያን ካለው ምኑ ይለያል?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ስምንት ደቂቃ ሳታውቁት ያልፋል።

ክፍል 6፣ የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ «ጂኔቭራ ዴ ቤንቺ»። በ1470ዎቹ የተሠራች፣ በ1967 ከሊክተንስታይን መሳፍንት የተገዛች፣ በመላው አሜሪካ ለሕዝብ የምትታይ ብቸኛ የሊዮናርዶ የቀለም ሥዕል ናት። ትንሽ ናት፣ እያንዳንዱ ጎኗ 38 ሴንቲ ሜትር ገደማ፤ ትልቅ ነገር የጠበቀ ሰው «ይቺ ናት?» ይላል። ከልጅቷ ጀርባ ያለው ጥቁር ቁጥቋጦ የጥድ ዘር ነው። በጣሊያንኛ «ጂኔፕሮ» ይባላል፤ ከስሟ ጋር ሰምና ወርቅ ሠርቷል። ሥዕሏ ከግድግዳ ተለይታ የቆመችው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዞራችሁ ጀርባዋን ካላያችሁ ግማሹን ነው ያያችሁት። እዚያ የዘንባባና የሎሬል ቅርንጫፍ ያቀፉት የጥድ ዘለላ ተሥሏል። ብዙ ሰው የፊቷን ፎቶ አንሥቶ ይሄዳል።

የራፋኤል «ቅዱስ ጊዮርጊስና ዘንዶው» ሌላዋ ትንሽ ሥዕል ናት፤ አንድ ኤ ፎር ወረቀት ታክላለች፣ በ1506 ገደማ የተሠራች። ነጩ ፈረስ፣ ጦሩ፣ ዘንዶው፣ ከኋላ የምትጸልየው ልጅ። የእኛ ሠዓሊ ቅዱሱን ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ፣ ዓይኑን አጉልቶ ይሥለዋል፤ የራፋኤል ጊዮርጊስ ዓይኑ ዘንዶው ላይ ነው። እግሩ ላይ ያለውን ሰማያዊ ማሰሪያ ጠጋ ሳትሉ ፈልጉት፤ «ሆኒ» የሚል ቃል አለበት፣ የእንግሊዞች የጋርተር ማዕረግ ምልክት ነው። ይህችንና ከእሷ ብዙም የማትርቀውን የራፋኤል «የአልባ ማዶና»ን ጋለሪውን የመሠረተው ባለሀብት አንድሩ ሜለን በ1930 እና 1931 ሶቪየቶች የውጭ ምንዛሪ ቸግሯቸው ከኤርሚታዥ ሙዚየም በድብቅ ሲሸጡ ገዛቸው፤ በ1937 ለጋለሪው ሰጣቸው። ከግድግዳው ጽሑፍ ግርጌ ያለው ቁጥር በ1937 የሚጀምረው ለዚህ ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት አኃዞች ሥራው ወደ ጋለሪው የገባበት ዓመት ናቸው፤ ይህን ያወቀ ሰው በየክፍሉ የስብስቡን ታሪክ ያነባል።

እዚህ ላይ ተቀመጡ። በሁለቱም የሕንፃው ጫፎች በኩል ዕፅዋትና ወንበር ያለባቸው የውስጥ አትክልት ቦታዎች አሉ። አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ። የእብነ በረድ ወለል ከአስፋልት የባሰ እግር ይጨርሳል፤ ተረከዝ ያለው ጫማ ለብሳችሁ ከመጣችሁ ይህን አሁን ታውቁታላችሁ።

ከዕረፍት በኋላ ኔዘርላንዶች። የሬምብራንት የራሱ ምስል በ1659 የተሠራ ነው፤ ከሰረ ተብሎ ንብረቱ ከተሸጠ ጥቂት ዓመታት በኋላ። ፊቱ ላይ ያለውን ቀለም ከጎን እዩት፣ ተከምሯል። ከዚያ የቬርሜር «ሚዛን የያዘች ሴት»። ለረጅም ጊዜ ሚዛኑ ላይ ወርቅ ወይም ዕንቁ አለ ተብሎ ሲታሰብ ኖሮ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ከሴቲቱ ጀርባ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሥዕል የመጨረሻው ፍርድ ነው። የበላዔ ሰብን ታሪክ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እያየ ላደገ ሰው ሚዛንና ፍርድ አንድ ላይ ሲመጡ እንግዳ አይሆንበትም። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ከአምስት ሰው በላይ ካለ ቀጥሉና ተመለሱ።

ክቡን አዳራሽ አቋርጣችሁ ወደ ምሥራቅ እለፉ። ቫን ጎግ በ1889 ሳን ሬሚ በሚገኘው የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ሳለ የሣለው የራሱ ምስል እዚህ ነው፤ በዙሪያው ሞኔና ሴዛን ስላሉ ከስምንቱ ውጭ ጊዜያችሁን የሚዘርፋችሁ ይህ ክፍል ነው። ፍቀዱለት።

ከዚያ ወደ ታች። ወደ ምሥራቁ ሕንፃ በሚያሻግረው የመሬት ሥር መተላለፊያ ውስጥ ሊዮ ቪያሪያል በ2008 የዘረጋው 41,000 ያህል አምፖሎች ያሉበት የብርሃን ሥራ አለ፤ በሚንቀሳቀሰው ወለል ላይ ቆማችሁ በመካከሉ ታልፋላችሁ። እስካሁን ያለቀሰ ልጅ እዚህ ዝም ይላል። መጨረሻው ላይ ስምንተኛው ሥራ ከጣሪያው ተንጠልጥሎ ይጠብቃችኋል፦ የአሌክሳንደር ካልደር ግዙፍ ተንሳፋፊ ቅርፅ። ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ቆሞ የመሰለው ሰው ሁለት ደቂቃ ይታገሥ።

ጉልበት ከተረፈ በሊፍት ወደ ጣሪያው ሰገነት ውጡ፤ ከአራት ሜትር በላይ የሆነ ደማቅ ሰማያዊ አውራ ዶሮ አለ። አየሩ ሲከፋ ሰገነቱ ይዘጋል። ከሕንፃው ስትወጡ ደግሞ ከውጭ እንደ ቢላ የሾለውን ማዕዘን ፈልጉ፤ የጎብኚ እጅ ሲነካካው ኖሮ ድንጋዩ ጠቁሯል። ሙዚየሙ ውስጥ እጃቸው ሲከለከል የዋለ ልጆች የሚካሱት እዚያ ነው።

ስለ ፎቶ፣ ስለ ልጆች፣ ስለ እርቃን

ለግል ፎቶ ማንሣት ይፈቀዳል፣ ያለ ፍላሽ፣ ያለ ሦስት እግር መቆሚያና ያለ ሰልፊ ዱላ። ግን ጋለሪው ከ2012 ጀምሮ የቅጂ መብታቸው ያለፈ ሥራዎችን በጥራት የተነሡ ምስሎች በድረ ገጹ በነፃ ይለቃል። ከስልካችሁ የሚበልጥ ፎቶ ቤት ይጠብቃችኋል፤ ስልኩን ለሰው ፎቶ ብቻ አውጡት።

ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ 45 ደቂቃ ከቻለ ብዙ ነው። ለእሱ ስምንቱን ወደ ሦስት አውርዱት፦ ፈረሱና ዘንዶው፣ የብርሃኑ ዋሻ፣ አውራ ዶሮው።

አረጋውያንን ወይም ካህን የምትጋብዙ ከሆነ፣ የታችኛው ፎቅ ቅርፃ ቅርፆችና የግሪክ አፈ ታሪክ ሥዕሎች ውስጥ እርቃን ብዙ ነው። ከላይ ያለው መስመር በአብዛኛው ያልፈዋል። ዝም ብላችሁ የምትዞሩ ከሆነ ግን ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ሳይነገራቸው ከመጋፈጥ ይሻላል።

ወደ 5:00 ሲቃረብ ጥበቃዎች ሰውን ወደ መውጫው መሸኘት ይጀምራሉ። ካፖርታችሁ ምዕራቡ ሕንፃ ተቀምጦ እናንተ ምሥራቁ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ከሆናችሁ መንገዱ ረጅም ነው፤ 4:30 ላይ መመለስ ጀምሩ።

«የእኛስ የታለ?»

እንግዳ ይህን መጠየቁ አይቀርም። መልሱ ሞሉን ተሻግሮ ነው። በኢንዲፔንደንስ አቬኑ በኩል ያለው የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ጥበብ ሙዚየም የአሥር ወይም የአሥራ አምስት ደቂቃ እግር መንገድ ነው፤ እሱም ነፃ ነው፣ እስከ 5:30 ይቆያል። ስብስቡ ውስጥ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው የእስክንድር ቦጎሲያን ሥራዎች አሉ፤ ሁልጊዜ ግን አይሰቀሉምና ከመሻገራችሁ በፊት ድረ ገጹን እዩ። ሁለቱን ሙዚየም በአንድ ቀን ለመሥራት ከፈለጋችሁ ከስምንቱ አራቱን ተዉ።

መስቀልና ብራና ለማየት የሚጓጓ ካለ ግን የተለየ ቀን ይያዝለት። ባልቲሞር ያለው ዎልተርስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ከአፍሪካ ውጭ ካሉት ትልልቅ የኢትዮጵያ ስብስቦች አንዱ አለው፤ በ2023 መጨረሻ የከፈተው ስለ ኢትዮጵያ ብቻ የሆነ ትልቅ ኤግዚቢሽንም ነበር። መግቢያው ነፃ ነው። ከዩኒየን ስቴሽን የማርክ ባቡር ፔን ላይን ቅዳሜና እሑድም ይሠራል፤ ባልቲሞር ፔን ስቴሽን ወርዳችሁ በቻርልስ ስትሪት ወደ ደቡብ ሩብ ሰዓት ያህል ትሄዳላችሁ። ሰኞና ማክሰኞ ዝግ ነው።